ጨዉን ይቅመሱልኝ

ደረቅ ዓሣ ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ባለችው ጠባብ ኩሽናዬ ሳምባል እየሠራሁ ነው፤ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ደረቅ ዓሣዎች ከተፈጨ ቀይ ቃሪያና ከሽንኩርት ጋር የሚቁላሉበት የማላይ ማባያ ነው። መስኮቱን ሆን ብዬ ከፍቼዋለሁ። የሸተተው አፍንጫውን ይያዝ።

ያኔ የሊቼዮ፣ የሁለተኛ ደረጃ፣ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ኦስቲያ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ አንዲት የማሌዥያ ተወላጅ አዛውንት ትጦር ነበር። በወጣትነታቸው ጣሊያናዊ አግብተው የመጡ፣ በኋላ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። እኔ ኖና፣ አያቴ፣ እላቸው ነበር። በዚያ ዓመት የብርድ ወራት ኖና ምግብ እምቢ አሉ። ልጃቸው በየሳምንቱ እየመጣች ፍሪጁን በሾርባ ሞልታ ትሄዳለች፤ እሳቸው ግን ማንኪያው ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ልብሳቸው ሁሉ ሰፋቸው። እናቴ በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው እያለች ታለቅስ ነበር።

አንድ ቀን «ሳምባል» አሉ። እናቴ ዓሣውን ከእስያ ሱቅ ገዝታ፣ ኖና ከወንበራቸው ሆነው እያዘዟት ሠራች። ግን ሁዳዴ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በጾም ዓሣ በአፏ አይዞርም። በጾም ለሰው ስታበስል እንደለመደችው ክዳኑን ከፍታ በማሽተት ብቻ ጨዉን ልታውቅ ሞከረች። ይህን ምግብ ግን ከየት ታውቀዋለች? ማንኪያውን ይዛ ወደ ኖና ሄደች።

«እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ እስቲ እርስዎ ጨዉን ይቅመሱልኝ» አለቻቸው።

ኖና ቀመሱ። «ይቀረዋል» አሉ። ጨመረች። እንደገና ቀመሱ። «ስኳርም ይቀረዋል።» ሩዝ መጣ። እንዲህ እየቀመሱ፣ ላባቸውን በእጃቸው እየጠረጉ፣ ሰሃኑ አለቀ። ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ በረንዳ ወጥቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላም እናቴ ጾም ላይ ነኝ ማለቷን አልተወችም። ኖና የገባቸው ይመስለኛል፤ «ይሄ ጾማችሁ አያልቅም እንዴ?» እያሉ አፋቸውን ይከፍቱላት ነበር።

የኖና ልጅ ባልታሰበ ቀን መጣች። ደረጃው ላይ ጎረቤት ስለ ሽታው አስቁሟት ኖሮ ፊቷ ቀልቷል።

«ኬ ፑዛ! ምን ዓይነት ግማት ነው! ቤቱ የዓሣ ገበያ ሆነ እኮ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ሲኞራ፣ ሌላ ነገር አይቀምሱም፤ የሚበሉት በዚህ ብቻ ነው» አለቻት እናቴ።

አልሰማቻትም። ድስቱን አንስታ እናቷ እያዩ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠችው። አሁን እንኳ ይህን ሳስብ ሽንኩርቱ ሊያርርብኝ ነው፤ እሳቱን ልቀንስ።

ብዙም ሳይቆይ እናቴን አሰናበተቻት፤ ኖናን አረጋውያን መጦሪያ አስገባቻቸው። ሳምባል ይዘን ልንጠይቃቸው ብንሄድ በሩ ላይ «ዘመድ ናችሁ?» አሉን። አይደለንም። ተመለስን። ባቡር ውስጥ ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ተሳደብኩ። እናቴ «ተይ፣ እናቷ እኮ ናቸው» ስትለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። እናቷ ከሆኑ ለምን ታስርባቸዋለች?

ኖና ሙቀቱ ሳይገባ አረፉ። የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። እናቷ ናፍቀዋት፣ የሳምባሉን አሠራር እንድንነግራት ነው። የቱን ፊት ይዛ! አፌ እንዳመጣልኝ ልሰድባት ስል እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። እሷም የልቧን ታወርድባታለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሲኞራ... እናትዎ እዚያ ከገቡ በኋላ ይበሉ ነበር?»

ከወዲያ ለቅሶ ተሰማ። እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቫ ቤኔ፣ በቃ፣ አታልቅሺ። ጻፊ ልጄ፤ መጀመሪያ ዓሣውን ታጥቢዋለሽ።»

ልጄ አለቻት! በሩን ጓ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬም የእናቴ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ እያለ።