ከባለቤቴ አባት ጋር በሎት ሸለቆ

ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የተነሣነው ነሐሴ እንደገባ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነበር። ሁለት ብስክሌቶች በካርቶን ታሽገው በቫናችን ጀርባ ተጭነዋል። ባለቤቴ ሂሩት ትነዳለች፤ ከጎኗ አባቷ ጋሽ መኩሪያ ተቀምጠዋል፤ እኔና የአራት ዓመት ልጃችን ሊያ ከኋላ ከካርቶኖቹ ጋር ተጣብበናል።

የጉዞው ዓላማ ቀላል ነበር። ጋሽ መኩሪያ በጃንሆይ ጊዜ ፈረንሳይ አገር፣ ቱሉዝ የተማሩ ሰው ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ ከጓደኞቻቸው ጋር ሎት በሚባለው ወንዝ ዳር በብስክሌት ይዞሩ ነበር። ከጉዞው በፊት በነበረው ዓመት ልባቸው ሲያስቸግራቸው የሳንሆዜ ሐኪማቸው ቀስ ብለው ብስክሌት እንዲነዱ መከራቸው። ምክሩን ከተጠበቀው በላይ ወደዱትና፣ «እንግዲያው ሎት ሄጄ ነው የምነዳው» አሉ።

«ብቻህን አትሄድም፣ አባዬ» አለች ሂሩት። እሷ ከምትሠራበት ሆስፒታል ፈቃድ አላገኘችም። «ታደለ ቫኬሽኑን ይወስድና አብሮህ ይሄዳል።»

እኔ ያኔ ፍሩትቬል በሚባለው የኦክላንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር የምሠራው። ፈቃዱ አላስቸገረኝም፤ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እኔና ጋሽ መኩሪያ ብዙም አንነጋገርም። ክፉ ተባብለን አይደለም። ሂሩትን ያገባኋት እሳቸው መውጫ አጥተው አዲስ አበባ ሳሉ ነው፤ ሳንሆዜ፣ የወንድማቸው ልጅ ቤት የገቡት ከዓመታት በኋላ ነበር። ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ይሉኛል። ልጃቸውን የሚያክለውን ሰው ሁሉ አንተ የሚሉ ሰው፣ እኔን ሲያገኙ ግን «እንዴት ዋሉ፣ አቶ ታደለ?» ይሉና ዝም ይላሉ። ለሰሚው አክብሮት ይመስላል። እኔ ግን ከደጅ እንዳልገባ እንግዳ ነበር የሚሰማኝ።

ከጉዞው በፊት ሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ተለማመድን። እሳቸው ከሳንሆዜ፣ እኔ ከኦክላንድ መጥተን መሃል መንገድ ላይ ባለችው ኒውአርክ አጠገብ እንገናኝና በአንድ ጅረት ዳር እስከ ቤዩ፣ እስከ ባሕረ ሰላጤው፣ የሚወስደውን መኪና የማይገባበት መንገድ እንይዛለን። ሜዳ ነው፤ የሚያስቸግረው ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ብቻ ነው። «ውሃ ይፈልጋሉ?» እላለሁ። «አመሰግናለሁ፣ ይዣለሁ» ይላሉ። የቀኑ ወሬ ይኸው ነው።

ኤርፖርት ስንደርስ ሂሩት ወደ ጎን ስባ አንዲት ትንሽ የክኒን ጠርሙስ ሰጠችኝ። «አባዬ ይረሳል፤ አንተ ያዘው። ደረቱን ከያዘው አንዷን ከምላሱ ሥር። እሺ?»

«እሺ።»

«ደግሞ አውራው፣ ታዱ። ዝም ብላችሁ እንዳትመለሱ።»

ካኦር

ከፓሪስ በባቡር ግማሽ ቀን ያህል ተጉዘን ካኦር ወረድን። ብስክሌቶቹን ጣቢያው ደጅ ላይ ገጣጠምን። እኔ መሪውን ሳጠብቅ ጋሽ መኩሪያ ከጣቢያው ዘበኛ ጋር ወሬ ጀመሩ። ሳንሆዜ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ቃል እየመረጡ፣ እየቆጠቡ ነው፤ ፈረንሳይኛው ግን ከአፋቸው እንደ ውሃ ወረደ። እጃቸው ሁሉ ይናገር ጀመር። ዘበኛው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ያየሁበትን ጊዜ ማስታወስ አልቻልኩም።

ከተማዋን ወንዙ በሦስት ወገን ይከባታል። ሦስት ማማ ያለው የድሮ የድንጋይ ድልድይ አላት። እሱን አይተን ወደ ምሥራቅ፣ ወንዙን ሽቅብ ይዘን ተነሣን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ነጭ ገደል፣ በሌላው በኩል አረንጓዴ፣ የማይቸኩል ውሃ። ገደሉ ሲርቅ የትምባሆ ማሳ ይመጣል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ቁመቱ የሰው ደረት የሚደርስ። ከማሳው ጥግ የለውዝ ዛፎች አሉ፤ የኛው ኦቾሎኒ ሳይሆን ቅርፊቱ በመዶሻ የሚሰበረው ትልቁ ነው። መኪና ከስንት አንዴ ያልፋል፤ ሲያልፍም ዝግ ብሎ፣ እጅ ነስቶ ነው። የራሳችን ጎማ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ማታ ያረፍነው አንዲት መበለት በምታከራየው የገበሬ ቤት ነው። ሁለት አልጋ ከራትና ከቁርስ ጋር ዋጋው ከኦክላንድ ሞቴል ይረክሳል። ሴትዮዋ የዳክዬ እግር በስቡ ጠብሳ አመጣች። ጋሽ መኩሪያ ሳህኑን በትሕትና ገፋ አድርገው ረጅም ማብራሪያ ሰጧት። ሐኪሙ ሆድ ባዶ እንዳይውል ስላዘዘ ሰዓቱን ትተው ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ብቻ ነበር የሚጾሙት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። እሳቸው ተረጎሙልኝ። «‹ዳክዬም? አይቡም? ቅቤም? ምን አጥፍተህ ነው?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«‹ለእመቤታችን ነው› አልኳት። ‹የኛዋ እመቤታችን ዳክዬ አትከለክልም› አለችኝ።»

ምስር በለውዝ ዘይት፣ ቲማቲም፣ ትኩስ ዳቦ አመጣች፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይንም ቀዳችልን። እኔ ያን ዓመት አልጾምኩም። የዳክዬው ሳህን ከፊቴ ነበር፤ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

«ይብሉ እንጂ፣ አቶ ታደለ» አሉ ምስራቸውን እያዩ። «እኔ አላየሁም።»

በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ከድልድዩ በኋላ

በሦስተኛው ቀን ከገደል አናት ላይ ከተሠራች መንደር ቁልቁል ወርደን ካዣርክ ወደምትባል ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀመረ። ጋሽ መኩሪያ በየዛፉ ጥላ ይቆማሉ፤ በየወይን ሐረጉ ሥር አንድ ነገር ያስታውሳሉ፤ ግን አያወሩኝም። እኔ ደግሞ ቀስ ብሎ መንዳት ሰለቸኝ። «ከፊት ሆኜ ውሃ ልፈልግ» አልኳቸውና ቀደምኩ። ድልድይ ሳገኝ ከማዶ ዳቦ ቤት የሚመስል አየሁና ተሻገርኩ። ከኋላዬ ቅርብ ስለነበሩ ስሻገር ያዩኝ መስሎኝ ነበር።

ውሃ ሞልቼ፣ ዳቦ ገዝቼ በዛፍ ሥር ጠበቅኳቸው። አልመጡም። ወደ ድልድዩ ተመለስኩ፤ ማንም የለም። ሳያዩኝ በዚያኛው ዳር ቀጥ ብለው ሄደዋል ማለት ነው። የሚቀጥለው ድልድይ ላይ እቀድማቸዋለሁ ብዬ በእኔ ዳር ሽቅብ ጋለብኩ። ከመሪው በተንጠለጠለው ቦርሳዬ ውስጥ የክኒኑ ጠርሙስ ሲንኳኳ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከአንድ መታጠፊያ በኋላ አየኋቸው። ከማዶ፣ ጥላ በሌለበት መንገድ ላይ፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ብስክሌቱን ይገፋሉ። ከዚያ ቆሙ። ብስክሌቱን ሳሩ ላይ አጋደሙትና ከጎኑ ቁጭ አሉ። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር።

«ጋሽ መኩሪያ!» ብዬ ጮህኩ።

አካባቢው ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምፅ በውሃው ላይ ይሄዳል። ቀና አሉ፤ ፈልገው አገኙኝ።

«አንተ!» አሉ። «አንተ ታደለ! ክኒኑ አንተ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው! ያምምዎታል?»

«ያዝ አድርጎኛል! ቶሎ በል!»

የመጣሁበት ድልድይ ሩቅ ነው፤ የሚቀጥለውን አላውቅም። ልተዋቸውና ልሂድ፣ ወይስ ልዋኝ? ዋና አልችልም። ወዲያ ወዲህ ስል ከበታቼ ከሸምበቆው አጠገብ አንድ ሽማግሌ በጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ተቀምጦ ዓሣ ሲያጠምድ አየሁ። ሮጬ ወረድኩ። የማውቀው ፈረንሳይኛ ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነው። ጠርሙሱን አሳየሁት፤ ማዶ አመለከትኩ፤ ደረቴን መታሁ። ሰውየው ትክ ብሎ አየኝ።

ያን ጊዜ ከማዶ «ሙሲዮ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ መኩሪያ እንደተቀመጡ፣ ቀስ እያሉ፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ለሰውየው ተናገሩ። ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ ሰላምታውን አልዘለሉም። ሰውየው የማጥመጃ መቃውን ጣለና ክንዴን ይዞ ጀልባው ላይ አስቀመጠኝ። ሲቀዝፍ ወደኔ ዞሮ «ጃንድር?» አለኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ራሴን ነቀነቅኩ። ጀልባው ያፈስ ነበር፤ እግሬ ውሃ ውስጥ ነው። አንድም ጊዜ ከነጩ ኮፍያ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ፊታቸው አመድ መስሎ ላብ አጥምቋቸዋል። ክኒኗን ከምላሳቸው ሥር አደረግኩላቸው። ሰውየውና እኔ ደግፈን ወደ ለውዝ ዛፍ ጥላ ወሰድናቸው። እጄን ጨብጠው ነበር፤ ጭብጡ እየላላ ሲሄድ ፈራሁ፤ ቀና ብዬ ሳይ ግን ፊታቸው ቀለሙ ተመልሷል።

ሽማግሌው ማዶ ተሻግሮ ከመንደሩ ሐኪም በመኪና ይዞ መጣ። ሐኪሙ አዳመጣቸው፤ ሁለት ቀን እረፍ፣ ከዚያ በኋላም በጠዋት ብቻ ንዳ፣ ለእግዜር ብለህ ዳገት አትውጣ አላቸው። ሽማግሌው ሌላ ማረፊያ እንድንፈልግ እንኳ ዕድል አልሰጠንም፤ ቤቱ ወሰደን።

ሁለት ቀን

የሽማግሌው ቤት ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠን የአትክልቱን ቲማቲምና ፎሶሊያ ስንበላ ከረምን ማለት ይቻላል።

«‹ጃንድር› ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የልጅ ባል» አሉ። ከዚያ ወንዙን እያዩ፣ «‹ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዓሣ ማጥመድዎን አቋረጥኩ። ያ ጎልማሳ የልጄ ባል ነው፤ መድኃኒቴን ይዟል፤ እባክዎ ያምጡልኝ› ነው ያልኩት። ለሰው እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«አንተን ጠልቼህ አይደለም። ሂሩትን ሸኝቼ ስቀር ልጅ ነበረች። ስመጣ ትልቅ ሴት፣ ባል ያላት፣ ልጅ ያላት ሆና አገኘኋት። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስከፋት የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ የማውቃት ሌላዋን ነው። በማን ልቆጣ? አንተ ላይ ሆነ።»

«ሌላዋን ያጫውቱኝ» አልኳቸው። «እኔም እሷን አላውቃትም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጀመሩ። ሂሩት በልጅነቷ ዶሮ እንዳይታረድ አልጋ ሥር ደብቃ እንደነበር፣ ሂሳብ ሲከብዳት ቁጥሮቹን እንደምትሳደብ፣ አንድ ጊዜ ከሳቸው ጋር ተኳርፋ ምሳዋን ይዛ ጎረቤት እንደሄደች። እኔም በተራዬ ሊያ ስትወለድ ሂሩት ምን እንዳለች፣ ከሆስፒታል ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ እንደምትተኛ ነገርኳቸው። ሽማግሌው አንዲት ቃል ሳይገባው አብሮን ይስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀሩንን ቀናት በጠዋት በጠዋት፣ ጎን ለጎን እየነዳን እስከ ካዣርክ ደረስን። ከዚያ አልፈን አልሄድንም። እሳቸው ያስታወሱትን ይነግሩኛል፤ እኔ እሰማለሁ። በየጥላው ቆምን። በጠቅላላው የተጓዝነው መንገድ አንድ ጎበዝ በቀን የሚጨርሰው ነው፤ እኔ ግን አንዱንም ዛፍ አልዘለልኩም።

መመለስ

ሂሩትና ሊያ ኤርፖርት ጠበቁን። ሂሩት አባቷን አገላብጣ አየች፤ የሆነውን መንገድ ላይ አንድ ባንድ ነገርናት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ከዚያ «አባዬ፣ ዛሬውኑ ኮል አድርጌ አፖይንትመንት አስይዝልሃለሁ» ብላ እንደገና ተቆጣች። ከዚያ ወደ ሳንሆዜ የሚወስደውን መንገድ ልትይዝ ፍሬቻ አበራች።

«ኦክላንድ አድርጊው» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «ዛሬ እናንተ ጋ ነው የማድረው።»

ቤታችን ብዙ ጊዜ መጥተዋል፤ አድረው አያውቁም ነበር። ሂሩት ፍሬቻውን አጠፋች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ከሽማግሌ ጋር የሚነዳ ሰው ከፊት መሄድ እንደሌለበት፣ ለውሃም ቢሆን ተናግሮና ታይቶ እንደሚሻገር ተማርኩ። ሰው ስላላናገረኝ ብቻ የሚለኝ የለውም ማለት እንዳልሆነም ተማርኩ። ሳልጠይቃቸው ዓመታት አለፉ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሊያ አያቷን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና በእንግሊዝኛ፣ «ዛሬም እዚህ ነው የምታድረው?» አለቻቸው።

ጋሽ መኩሪያ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አባትሽን ጠይቂው» አሏት በአማርኛ።

ሊያ ወደ እኔ ዞረች። እሳቸውም።

«አዎ» አልኩ።