የኔታ የሰሙት ድምፅ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን፣ በየዓመቱ ጾም ሲገባ ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስቆጥር፣ ይህችን አንዷን እዘላታለሁ። ስለ ሐሰት ሲጠይቁኝ «አዎ አባቴ፣ ዋሽቻለሁ» እላለሁ። ማንን ዋሸህ፣ ስለ ምን ዋሸህ ብለው አይጠይቁኝም፤ እኔም አልጨምርም። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። የበደልኋቸው ሁለት ሰዎችም አፈር ሆነዋል። ታዲያ ለማን ልናገር? ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ እናገራለሁ።

የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት መካነ ኢየሱስ ነው። በደርግ ጊዜ የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆኜ ንፋስ መውጫ ተመደብሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የምነግራችሁ ልጅ ነበርሁ ለማለት አይደለም። በዚያ ዕድሜ የአገሬ ሰው ጎጆ ቀልሶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ለምስክርነት ይጠራል።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ሞተር ሳይክል ነበረችው። ማርሚታዋ፣ ጭሱን የሚያስወጣውና ድምፁን የሚያፍነው ቱቦ ማለቴ ነው፣ ዝጎ በስብሶ ስለ ወደቀ፣ ከአንድ ክረምት በላይ ግቢ ውስጥ ቆማ ከረመች። በዚያ ሁሉ ጊዜ የክትባት ሣጥኔን በአህያ ጭኜ ገጠር ለገጠር በእግሬ ዞርሁ። የራሷ ማርሚታ ይመጣል ተብሎ ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልመጣም። በመጨረሻ አለቃዬ፣ «ደብረ ታቦር ሂድና የሚገጥማትን ፈልግ» አሉኝ።

ደብረ ታቦር ያገኘሁት መካኒክ ሁለት ማርሚታ አወጣልኝ። ሁለቱም ለሌላ ሞተር የተሠሩ ናቸው፤ ግን ትንሽ ቢቀጠቀጡ ይገጥማሉ። አንደኛዋ ረጅም፣ ከባድ፣ ጥቁር ናት። ሁለተኛዋ አጭር፣ አፏ ሰፊ፣ ፊት የምታሳይ የምታብረቀርቅ ናት።

«አንተ ሥራህ ከከብት ጋር ነው፤ ረጅሟን ውሰድ» አለኝ። «ትከብዳለች እንጂ ድምፅ የላትም።»

«አጭሯስ?»

«እሷም ትሆናለች። ብቻ ውስጧ ያለውን ቱቦ እንዳታወጣው። ድምፁን የሚውጠው እሱ ነው። ብታወጣው ትጮሃለች እንጂ አትሮጥም።»

ሰማሁት። በደንብ ሰማሁት። አጭሯን የመረጥሁትም እሱ ይህን ስላለኝ ነው። የመካኒኩን ምክር ሰምቼ፣ አታድርግ ያለኝን ለማድረግ ስል መረጥሁ። ከአህያ ኋላ እየተከተልሁ የከረምሁበት ጊዜ አሳፍሮኝ ነበር። ስመጣ ይወቁልኝ፣ ከሩቅ ይስሙኝ አልሁ። ይህ ምክንያት ነው? አይደለም። ግን የነበረው ይኸው ነው።

ንፋስ መውጫ ተመልሼ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ራሴ ገጠምኋት። የውስጥ ቱቦውን የያዘችው አንዲት ብሎን ናት፤ ፈታሁና ቱቦውን መዝዤ ዕቃ ቤት ወረወርሁት። ማርሚታው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጭስ እንዳይሾልክ የሚገባውን ጓርኒሲዮን፣ ያንን ቀለበት፣ እንደ ነገሩ ጣል አድርጌ አንዱን የብሎን ዳዶ አጥብቄ ሌላውን ላላ አድርጌ ተውሁት። ሳስነሳት ግቢው ተናጋ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ጆሮውን ይዞ ወደ በሩ ሸሸ። እኔ ሳቅሁ።

በማግሥቱ ጧት ቤተ ልሔም ወደምትባለው ደብር አካባቢ ለክትባት ወረድሁ። በዚያ መንገድ አንድ መታጠፊያ አለ፤ በአንድ ወገን ግድግዳ የመሰለ ቋጥኝ፣ በሌላው ተዳፋት ነው። ከመታጠፊያው በታች ነጭ ጥምጥም አየሁ። ይህን አልክድም፤ አየሁ። በበቅሎ የተቀመጠ ሽማግሌና ልጓሙን ይዞ የሚመራ ሰው ወደ እኔ እየመጡ ነበር። ነዳጁን መቀነስ እችል ነበር። ሞተሯን አጥፍቼ፣ ወርጄ፣ እጅ ነስቼ ማሳለፍ እችል ነበር፤ ያደግሁበት ወግ እንዲያ ነው። እኔ ግን ጨመርሁ። ቋጥኙ ድምፁን ሲመልስልኝ ልሰማ ፈለግሁ። ለዚህች ብቻ ጨመርሁ።

ካለፍኋቸው በኋላ አንድ ጊዜ ዘወር አልሁ። በቅሎዋ በኋላ እግሮቿ ቆማለች፤ ኮርቻው ባዶ ነው። የሚመራት ሰው ልጓሙ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። አልቆምሁም።

ከሰዓት በኋላ ከብት ስከትብ አንድ ገበሬ ነገረኝ። በቅሎ የጣለቻቸው መሪጌታ ጥበቡን ነው፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። መሪጌታ ጥበቡ የቤተ ልሔም የድጓ መምህር ነበሩ። ዜማ ለመማር ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ ሁሉ የኔታ እያለ በእግራቸው ሥር ይቀመጣል። አርባ ተማሪ አንድ ላይ ሲያዜም ከኋላ ያለው አንዱ ቢስት፣ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ስሙን ጠርተው ያርሙታል ይባል ነበር። በቅሎዋ የጎረቤታቸው የአያ ታፈረ ናት። አያ ታፈረ ገበሬ ነው፤ የኔታ ለበዓል ወደ ሌላ ደብር ሲሄዱ በቅሎውን ጭኖ ራሱ የሚመራ ሰው። ለገበሬው ምን አልሁት? «እግዚአብሔር ይማራቸው» አልሁት። ስመለስም በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድሁ።

አያ ታፈረ በቅሎዋ በሞተር ድምፅ ደነበረች ብሎ ተናገረ። ከመንደሩ አንዳንዱ ግን በቅሎዋ ድሮም አትታመንም፣ እሱም ልጓሙን በደንብ አልያዘም ማለት ጀመረ። ነገሩ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሳይደርስ ሽማግሌ እንዲያየው ተባለ። የሽማግሌዎቹ ዳኛ አያ በዛብህ ለገበያ ንፋስ መውጫ ሲመጡ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጡ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞተርህን ይዘህ ና» አሉኝ። «ታፈረ በሞተሩ ነው ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»

«ቀስ ብዬ ነው ያለፍሁ። ሞተሬም በቅሎ የሚያስደነብር ድምፅ የላትም» አልሁ።

አዩኝ። «እንግዲያ ሁላችንም እንሰማታለን» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ዕለት ዕቃ ቤት ገብቼ የወረወርሁትን ቱቦ ፈልጌ አገኘሁት። ጥቀርሻውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ወደ ቦታው መለስሁት፤ ብሎኗን አጠበቅሁ። ከዚያ መጋጠሚያውን ፈታሁ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ፍቄ አነሣሁና አዲስ ቀለበት ቆርጬ አስገባሁ። ሁለቱን ዳዶዎች አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያልሁ እኩል አጠበቅሁ። ሞተሯን አስነሥቼ አሞቅኋት፤ ስትቀዘቅዝ እንደገና አጠበቅሁ። እርጥብ ጨርቅ በማርሚታው አፍ ላይ ያዝ አድርጌ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጭስ የሚሾልክበት እንዳለ በእጄ ዳሰስሁ። የትም አይሾልክም። በሕይወቴ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ያን ቀን የሠራሁትን ያህል ግን ተጠንቅቄ የሠራሁት የለም። ለእውነት እንዲህ ተጠንቅቄ አውቃለሁ? አላውቅም። ለሐሰት ግን ከጧት እስከ ቀትር ተንበርክኬ ሠራሁ።

እሑድ ቤተ ልሔም ደረስሁ። ሽማግሌዎቹ በየኔታ ጎጆ ደጅ ተቀምጠዋል። የኔታም እንዲሰሙ ብለው አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠግተውላቸዋል። አያ ታፈረ በቅሎውን ይዞ ቆሟል። ያን ጩኸት በዚያ መንገድ የሰማው ሰው ብዙ አልነበረም፤ በዚያ አገር ሞተር በቅርብ የሰማ ሰውም ጥቂት ነው። ዘበኛው ያውቅ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

«አስነሣት» አሉኝ አያ በዛብህ።

አስነሣኋት። ከሚያንኮራፋ ድመት የማይበልጥ ድምፅ ወጣ። «እስኪ ንዳት» አሉኝ። በበቅሎዋ አጠገብ ሁለት ጊዜ አለፍሁ። በቅሎዋ ጆሮዋን ወዲህ ወዲያ አለች እንጂ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አያ ታፈረ በቅሎውን ያያል፣ እኔን ያያል።

ያን ጊዜ የኔታ ከአልጋቸው ላይ፣ «ይህ አይደለም» አሉ።

ሁሉም ዞረ።

«ያ ድምፅ ሌላ ነው። ያኛው ጉሮሮውን ከፍቶ ከደረቱ ነበር የሚጮኸው። ይህ አፉን ይዞ ነው የሚያጉረመርም።»

አያ በዛብህ ወደ እኔ ተመለሱ። «ሌላ ሞተር አለህ?»

«የለኝም።»

«ያን ቀን የነዳሃት ይችው ናት?»

«ይችው ናት።»

ሁለቱም ቃል እውነት ነው። ሐሰትን በእውነት ቃል መናገር እንደሚቻል ያን ቀን ተማርሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሕመሙ ነው፤ አወዳደቃቸውም ክፉ ነበር፤ ዕድሜም አለ» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የኔታ ሰሙት። «እንግዲህ ጆሮዬ ነዋ» አሉ።

ፍርዱ በአያ ታፈረ ላይ ሆነ። የማትታመን በቅሎ ሰጥቶ፣ ልጓሙን ሳያጠብቅ፣ በደሉን በሰው ላይ ላከከ ተባለ። ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥቶ በትከሻው ተሸክሞ፣ በየኔታ አልጋ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። የኔታ ወዲያው፣ «አውርድ ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። እኔ ሞተሬን ይዤ ቆሜ አየሁ። ድንጋዩ የማን ነበር? የእኔ ነበር። እሱ ተሸከመው፤ እኔ አየሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ ፈርቼ ነው፣ ሥራዬንና ሞተሬን እንዳላጣ ነው እል ይሆናል። ግን አላበቃም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እዚያው ቀበሌ ስከትብ አንድ ተማሪ መጥቶ የኔታ ይጠሩሃል አለኝ። ዳሌያቸው አልዳነም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ነው። ተማሪውን አስወጥተው እንድቀመጥ አዘዙኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ልከስህ አይደለም፤ ያ ነገር በሽማግሌ አልቋል። በመንገዱ ላይ የሰማሁትና እሑድ የሰማሁት ድምፅ አንድ ናቸው? እውነቱን ንገረኝ። እኔ በጆሮዬ የምኖር ሰው ነኝ። ጆሮዬ ከከዳኝ ወንበሩን ማስረከብ አለብኝ። ዜማ አበላሽቼ ልጆች ማሳሳት አልፈልግም።»

ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሽማግሌ የለ፣ ምስክር የለ። የኔታ ቁጣ አልነበራቸውም፤ የሚፈልጉት አንዲት ቃል ነበረች። ያችን ቃል ብሰጣቸው ማንም አይሰማብኝም ነበር፤ እሳቸውም ለማንም አይናገሩብኝም ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

«አንድ ናቸው የኔታ» አልሁ። «ምንም አልተለወጠም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉኝ። «ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር።»

አመሰገኑኝ። ለመንኋችሁ፣ ይህን አስቡት፤ አመሰገኑኝ።

ወር ሳይሞላ ወንበራቸውን ለትልቁ ተማሪያቸው አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖሩ። ተማሪዎቹ ሲያዜሙ ከዳር ይተኛሉ፤ አንዱ ሲስት ፊታቸው ይለወጣል፤ ግን አያርሙም ነበር አሉ። ይሰሙ ነበር። የሰሙትን ግን አያምኑም።

አያ ታፈረ በቅሎውን የሚጫናት ሰው ስለ ጠፋ አውጥቶ ሸጣት። እኔ ወደ ስማዳ ተዛውሬ ብዙ ከቆየሁ በኋላ፣ ለሥራ ንፋስ መውጫ መጥቼ ሳለ አያ ታፈረ ገበያ መሐል አገኘኝ። አርጅቷል። እንደማላውቀው ልሆን ስል እሱ ቀድሞ እጄን ያዘኝ።

«ስፈልግህ ኖርሁ» አለኝ። «ያን ጊዜ በከንቱ ስምህን አንሥቼ አማሁህ። በልቤ ይዤው መሞት አልፈልግም። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ያልሁትን ልንገራችሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁት። ጉንጩን ሳምሁት። ደስ ብሎት ሄደ። በዓመቱ መሞቱን ሰማሁ።

ለዚህ ይቅርታ ከማን እንደምጠይቅ አላውቅም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለቱ የሉም፤ አንደኛው ይቅርታ ለምኖኝ፣ ሌላኛው አመስግኖኝ ነው የሄዱት። ስለዚህ ማሩኝ አልልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከእናንተ መካከል ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ ካለ፣ የመሪጌታ ጥበቡ ተማሪ የነበሩ ሽማግሌ መምህራን ምናልባት ዛሬም ይገኙ ይሆናል፤ ይህን ያንብብላቸው። መምህራችሁ እስከ መጨረሻ ቀናቸው በትክክል ይሰሙ ነበር፤ ሳቱ ብሎ ያሳመናቸው የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።