በድንጋይ መትቶ፣ በድንጋይ ታርቆ

ባሌ በሶዶና በዲምቱ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ትርፍ ሰው አይጭንም ነበር። ጓደኞቹ ሾፌሮች «ትራፊኩ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን ከነትርፍ ሰዉ ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ መኪና በዓይኑ ስላየ ለቀልዳቸው ደንታ አልነበረውም።

ባለፈው ዓመት፣ በዲምቱ የገበያ ቀን፣ መኪናው ከሞላ በኋላ አንድ ጎልማሳ በሩን ይዞ አልለቅም አለ። ባሌ «ቦታ የለም፣ የሚቀጥለውን ጠብቅ» አለው። ሰውየው «እኔ ሰው አይደለሁም?» ብሎ ድንጋይ አነሳና በሾፌሩ በኩል ዞሮ በተከፈተው መስኮት ወረወረበት። ባሌ ሆስፒታል ሰነበተ። ቁስሉ ዳነ፣ ግራ ጆሮው ግን እንደደነቆረ ቀረ። ዛሬም በዚያ በኩል ሆኜ ካናገርኩት አይሰማኝም።

ሰውየው ታስሮ በዋስ ተፈታ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ይዘውት ቤታችን መጡ። እንደ ደንቡ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፋችን ላይ ተንበረከከ። በድንጋይ መትቶ በድንጋይ ይቅርታ ሲለምን ሳይ ደሜ ፈላ።

«አባቶቼ፣ እሺ ይቅር ይበለው» አልኩ። «ነገ ሌላው ቢፈነክተውስ? በገበያ ቀን መኪና የሚጫንበት ቦታ ፖሊስ እንዲቆም አብራችሁን ጠይቁልን።»

ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ፣ እሱ የመንግሥት ሥራ ነው። የእኛ ማስታረቅ ነው» አሉኝ።

ባሌ ድንጋዩን ከሰውየው ማጅራት አውርዶ «ይቅር ለእግዜር» አለ። ክሱም ተነሳ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የእኔው ተወጊ ግን ቶሎ የረሳ መሰለኝና ተናደድኩበት። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ፖሊስ እንዲመደብ አቤት ብለው ነበር። ፖሊሱ አንድ የገበያ ቀን መጥቶ ቆመ፣ ከዚያ አላየነውም።

ባሌ ሥራ ሲጀምር ብቻውን መልቀቅ ፈርቼ አብሬው ዲምቱ ሄድኩ። ስንመለስ ከእሱ ኋላ ባለው ወንበር፣ በበሩ በኩል ተቀምጬ ነበር። መኪናው ሞልቶ ልንነሳ ስንል ያ ሰው በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሞልቷል» አለ ባሌ።

ሰውየው ፈገግ ብሎ «ታርቀናል አይደል እንዴ?» አለው።

ባሌ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋና ወደ እኔ ዞረ።

«ጠጋ በይለት» አለኝ።

ጠጋ አልኩ። ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ እስከ ሶዶ ድረስ ስለ ዝናቡ አወራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሌን «ትራፊኩ» ብሎ የሚጠራው የለም።