እስከ መጨረሻው ያላየሁት ፊልም

ጅማ ውስጥ በሬዲዮ ስለ ፊልም በማወራበት ዘመን፣ ትኬት ቆርጬ እገባና እስከ መጨረሻው አይቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ እከርም ነበር። የነቀፍኩት ሰው ጣቢያው በር ላይ ጠብቆ ይሞግተኛል። ተጨቃጭቀን፣ ማኪያቶ ጠጥተን እንለያያለን።

ፕሮግራሙ ሲቋረጥ ወደ ዩቲዩብና ቲክቶክ ገባሁ። እዚያ አመስግኜ የሠራሁትን የሚያይ አልነበረም፤ ያፌዝኩበትን ግን ሰው ይቀባበለዋል። ቀስ በቀስ የማፌዘው በዛ።

ከጅማ ብዙም በማትርቀው በሊሙ ገነት ከተማ የተሠራውን ፊልም ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ጎረቤቶቻቸውን አሰባስበው፣ በስልክ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ ጭነውታል። ዋናዋ ተዋናይ የገዛ ልጃቸው ናት። ሃያ ደቂቃ ያህል አየሁና ዘጋሁት። የምታለቅስበትን ቦታ ቆርጬ፣ "ይቺ ልጅ እያለቀሰች ነው ወይስ ሽንኩርት እየከተፈች?" ብዬ ለቀቅኩት። በሁለት ቀን አገር አየው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከወራት በኋላ ከሊሙ የመጣ ቡና ነጋዴ ወዳጄ፣ "ልጅቷ እኮ ገበያ መውጣት አቅቷት ነበር" አለኝ። "ባለፈች ባገደመች ቁጥር ሽንኩርት ይሏታል። አሁን ዓረብ አገር ሄዳለች።"

በማግስቱ ወደ ሊሙ ገነት ተሳፈርኩ። አባትየው ሱቃቸው ውስጥ ሱሪ ያሳጥራሉ። ሰላም ስላቸው ቀና ሳይሉ፣ "ድምፅህን አውቀዋለሁ" አሉኝ።

"አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ፊልሙን ጨርሰኸዋል?"

"ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው ያየሁት።"

"ታኢ፤ ቁጭ በል" አሉና ስልካቸውን ከፍተው ሰጡኝ።

መጨረሻው ላይ ልጅቷ የሞተች እናቷን ቀሚስ አጣጥፋ ታስቀምጣለች። አታለቅስም፣ አትናገርም። እጅጌውን ብቻ ደጋግማ ታስተካክላለች። ስንት ፊልም አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ትዕይንት ግን ጥቂት ነው ያየሁት።

"እንዲህ አድርጊ ያሏት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ምንም አላልኳት። የእናቷ ቀሚስ ነው።"

የእኔን ቪዲዮ እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። "ያንተን አጠፋህ፤ ሌሎቹ የወሰዱትስ?" አሉኝ። ዛሬም ያ ቁራጭ ዘፈን እየተጨመረበት፣ በማላውቃቸው ሰዎች ገጽ ላይ ይዞራል።

ጅማ ተመልሼ፣ እንደ ሬዲዮው ጊዜ ቀናት ወስጄ፣ ስለዚያ ቀሚስ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። አባትየው ለልጃቸው እንደላኩላት ስሰማ ደወልኩላቸው።

"ምን አለች?"

"'አባ፣ ሁለተኛ ስለ ፊልም ምንም እንዳትልክልኝ' አለች። አንተ ግን ስለጻፍከው አላህ ይስጥህ።"

ሌላ ፊልም ጀምረው እንደነበር ሰምቼ ስለነበር፣ ከምን እንደደረሰ ጠየቅኳቸው።

"ተውኩት" አሉ። "ተዋናይ የለኝም።"