የሮማን ልጣጭ ውሃ

የሮማን ልጣጭ ሲፈላ የሚመጡብኝ ሰዎች አሉ። የምወዳት ልጅ። አባቷ፣ ዝምተኛው የጣቢያ ዘበኛ። አጎቴ፣ ሽማግሌ ሆኖ የተላከልኝ። ሶማሊዋ ወተት ሻጭ፣ የሰፈራችን ሐኪም። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ የባቡር ጥገና ሠራተኛ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል የለየሁ ጎረምሳ።

ዛሬ ምላሴ ቆስሎ ልጄ ልጣጩን አፍልታ ሰጠችኝ። ያ ምሬት ጉንጬን ሲይዘው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የነበረው የእነዚያች ልጅ ቤት ፊቴ ድቅን አለ።

ያን ሰሞን የአባቷ አፍ ቆስሎ እህል መቅመስ አቅቶት ነበር። ደስ ላሰኘው ብዬ ወተት ሻጯን ለመንኳት። የሮማን ልጣጭ በጨው አፍልታ፣ ከርቤ ጨምራበት ወሰደችለት። «ጠዋት ትጎነጫለህ። አትውጥ፣ አታውራ፤ አፍህ እስኪደነዝዝ ያዘው» አለችው። በድሬ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው፤ አልተቀየማትም።

ውለታው ሳይቀዘቅዝ ብዬ በማግስቱ ማለዳ አጎቴ እንዲሄድልኝ ለመንኩ። ስለ ሰውየው አፍ ቁስል ለአጎቴ መንገር አልታየኝም። አጎቴ ሌላ ሽማግሌ አስከትሎ ደረሰ። ልጅቷ በደንቡ ጓዳ ገብታለች። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው። መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አለ አጎቴ።

የሰውየው አፍ በልጣጩ ውሃ ሙሉ ነው። መዋጥ ተከልክሏል፤ በሽማግሌ ፊት መትፋት ደግሞ ነውር ነው። ዞሮ ወደ ጓሮ ሄደ። ተፍቶ፣ አፉን አጥቦ ሲመለስ ደጁ ባዶ ነበር።

«ጀርባውን ሰጠን!» እያለ አጎቴ ተመልሶ ቤት ገባ።

ወተት ሻጯ ነገሩን እንደሰማች እስከ ባቡር ጥገናው በር ድረስ መጥታ ሳቀችብኝ። «አቦ፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው የላክኸው? ወላሂ፣ ሰውየው ሊተፋ ነው የሄደው!» እኔም ሳቅሁ፤ ያለቀ መስሎኝ። አጎቴ ግን «እሱ ሰው ይላክብኝ» አለ። አባቷም «ደጄን ጥለው የሄዱት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ይመለሱ» አለ። ደቻቱ ሞላ፣ ጎደለ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም አልተሻገሩም።

እሷን አንድ ነጋዴ አግብቶ ጅቡቲ ወሰዳት። የተሳፈረችበትን ፉርጎ ፍሬን የፈተሽኩት እኔ ነበርኩ። እጄ በግራሶ ቅባት ተለውሶ ስለነበር ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ።

ልጆቼ አባታችን ጨካኝ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ተኳርፈው ሳይታረቁ ራት እንዳይቀርብላቸው አዝዣለሁ። ኩርፊያ ልጣጭ አይፈላለትም።

ያ ማለዳ ምን አስከፈለን? መድኃኒቱስ ሠርቷል፤ የአባቷ አፍ ወዲያው ዳነ፤ በዳነ አፉ ግን አንድም የልጅ ልጁን ሳይስም ሞተ። አጎቴ ዳግመኛ ለሽምግልና አልሄደም። ወተት ሻጯ ለማንም ከርቤ አልበጠበጠችም። ልጅቷን ምን እንዳስከፈላት አላውቅም። እኔ መልካም ሚስት አግብቻለሁ፤ ባማርር ግፍ ይሆንብኛል። በግቢዬ ሎሚ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ተክያለሁ። ሮማኑን ግን ልጄ ከገበያ ነው የምትገዛው።