በጋሼ ሞላ ላይ የመሰከርኩበት ካርቡራተር

ከላሊበላ የወጣሁ ለት የተነሣሁት ዶሮ ሳይጮህ ነው። የወልድያ አውቶቡስ በጨለማ ነበር የሚሄደው። እናቴ የበሶ ቋጠሮ እያስያዘችኝ፣ «ጋሼ ሞላን ሳትሰናበት ልትሄድ ነው?» አለችኝ። «ተኝተው ይሆናል» አልኳት። ውሸቴን ነው! ጋሼ ሞላ በዚያ ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ይወጣሉ፤ አሥር ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ይህን አጣዋለሁ? መንገድ ላይ እንዳልገጥማቸው ብዬ ሻንጣዬን ተሸክሜ በገደሉ በኩል ዞርኩ። ድንጋይ አደናቀፈኝና ጉልበቴን ላጥኩት። ይበለኝ!

ስዊድን እንዴት ያለ አገር ነው እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እኔ የሰው ስም አጥፍቼ ነው የወጣሁት፤ ሳልሞት ያንን ስም መመለስ እፈልጋለሁ።

ጋሼ ሞላ መኪና መጠገን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ የአንድ አስጎብኚ ላንድሮቨር፣ ያውም አሮጌ ባለ ቤንዚን፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ዳገት አልወጣ አለ። ጋሼ ካርቡራተሩን ፈቱ፤ ቤንዚን የሚያልፍባትን የነሐስ ቀዳዳ ደፈኗትና በቀጭን መርፌ መልሰው በሷት። ከበፊቱ ጠበበች። «የኛ አገር አየር ስስ ነው፤ ለስስ አየር ብዙ ቤንዚን አይሆነውም» አሉኝ። መኪናው የአሸተን ማርያምን ዳገት እንደ በቅሎ ወጣው።

ከዚያ ባለቤቱ ቱሪስት ጭኖ አፋር ወረደ። በሳምንቱ በሌላ መኪና አስጎትቶ መጣ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። በረሃው ላይ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ካርቡራተሩ «ጷ! ጷ!» እያለ እሳት ወደ ላይ ይተፋል፣ የአየር ማጣሪያው ተቃጥሏል፣ ፈረንጆቹ ከመኪናው ዘለው ሸሽተዋል። ቅዳሜ ነበርና ገበያተኛው ከበበን። «ሲሳይ፣ አንተ ደሴ ሄደህ ሙያ ተምረህ መጥተሃል፤ ፍረድ!» አለኝ ሰውየው።

ፈረድኩ። ካርቡራተሩን ፈትቼ ቀዳዳዋን ለካኋት፤ መጽሐፌ ላይ ካለው ልክ ጠባለች። ከፍ አድርጌ ለሕዝቡ አሳየሁ። ጋሼ ቀስ ብለው፣ «ቆላ ወርዶ ነው ልጄ። እዚህ ደህና ይሄዳል፤ እስቲ አስነሣው» አሉኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ካርቡራተር ደግሞ ደጋና ቆላ ይለያል እንዴ ጋሼ? ጤፍና ገብስ መሰለዎት?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ከብልባላ እህል ጭነው የመጡት ሳይቀሩ አህያቸውን እንደያዙ ሳቁ። ሞተሩን አላስነሣሁትም። ጋሼ «እንግዲህ ያየኸውን ተናገርክ» ብቻ አሉና ገቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? እኔም ቀዳዳዋን በመጽሐፉ ልክ አሰፋኋት። ጥቁሩ ጭስ ሲመለስ «ቤንዚኑ ነው የተበላሸው» ብዬ አለፍኩት። ደንበኛው ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ ጋሼ ጋራዣቸውን ዘጉ፤ እኔ ከወጣሁ በኋላም ሙጃ ወዳለችው የእርሻ መሬታቸው ሄዱ። አስጎብኚው ደግሞ ስላስደሰትኩት ስዊድን ካለ ወዳጁ ዘንድ የሦስት ወር የሥልጠና ጥሪ አስላከልኝ። አውሮፕላን የተሳፈርኩት በጋሼ ውርደት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ቀረሁ፤ ጥገኝነት ጠየቅሁ። የስደተኛ መሥሪያ ቤቷ ሴት፣ «ከየት ነህ?» አለችኝ። «ከላሊበላ፤ ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያኖች ያሉበት ነው።» «ማን ሠራቸው?» «ንጉሡ፤ መላእክት እያገዙት።» ጻፈችው! ቀና ብላም፣ «ከነዚህ መካከል አንተን የሚያውቅህ አለ?» አለችኝ።

አከራዬ ብሪታ ትባላለች። ክፉ አይደለችም፤ ግን ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር በር ትቆረቁራለች። «ምን እየተቃጠለ ነው?» «ምንም፤ ወጥ ነው።» «መቼ ያልቃል?» «ወጡ ነው ወይስ ሽታው?» «ሁለቱም።» ልብስ የሚታጠብበት ክፍል ትቬትስቱጋ ይባላል፤ ተራ ይዘህ ስምህን ካልጻፍክ ካልሲ እንኳ አታጥብም። ዳቦው ስኳር ስኳር ይላል። በሰኔ ፀሐይ አልጠልቅ ትላለች፤ ዓይኔን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የምተኛው። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል፤ አራተኛ ፎቅ ሮጬ ወጥቼ ትንፋሼ አይቆራረጥም። ባሕሩ አፍ ላይ ነን፤ አየሩ ወፍራም ነው። ይህን እያወቅሁ አለማሰቤ!

ሥራ ያገኘሁት ላሰ ከሚባል ሽማግሌ ጋራዥ ነው። እዚህ አገር ጎረምሳውም ሽማግሌውም በድሮ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ያበደ ነው፤ ሁለት በር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ድምፁ መሬት የሚያንቀጠቅጥ። አንዱ ደንበኛ እንደ አዲስ የታደሰ ቀይ መኪና ከአሜሪካ አስመጥቶ ይዞልን መጣ። ነዳጅ ሲረገጥ ካርቡራተሩ፣ «ጷ!»

ላሰ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው እሳት ሰዓቱን ስቷል አለ፤ ለካሁት፣ ልክ ነው። የካንዴላ ገመዶቹ ተራቸው ተዛብቶ እንደሆነ አየሁ፤ አልተዛባም። ከካርቡራተሩ ሥር አየር ይሾልክ እንደሆነ ብዬ ዙሪያውን ውሃ እየረጨሁ የሞተሩን ድምፅ አዳመጥኩ፤ አልተለወጠም። ቫልቮቹም ደህና ናቸው። ሦስት ቀን ለፋን! በአራተኛው ቀን ካንዴላዎቹን ፈትቼ አፋቸውን ባየው እንደ ኖራ ነጭተዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ካንዴላው ይነጣል። የካርቡራተሩን አየር መዝጊያ ገርበብ አደረግሁና፣ «ላሰ፣ ርገጥ!» አልኩት። ረገጠ። ጷ የለም! አየሩ ሲቀነስለት፣ ያለችው ቤንዚን በቃችው።

ካርቡራተሩን ስንፈታው የነሐስ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው። ላሰ አሜሪካ ላለው የቀድሞ ባለቤቱ ደወለና እየሳቀ ተመለሰ። «ሰውየው የሚኖረው ተራራ ላይ ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር! ለዚያ ስስ አየር ብሎ አጥብቧቸው ነው። ምንም አልተሳሳተም። እኛ ዝቅ ብለን ነው፤ ሰፊውን ግጠምና ጨርሰው።»

ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ላሊበላም ያንኑ ያህል ከፍ ትላለች። መጽሐፍ ያላነበቡት ጋሼ ሞላ ይህን በጆሯቸው ያውቁት ነበር፤ ነግረውኝም ነበር። እኔ ምሩቁ ሳቅሁባቸው። ላሰ «ምነው? አገኘኸው እኮ!» አለኝ። አለቀስኩ፤ አላፍርም።

እህቴ ዓለምነሽ፣ ጋሼ ለገና ላሊበላ ሲመጡ ጠብቃ ሞባይሏን ሰጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ሲሳይ ነኝ። እንደምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በረዶው እንዴት አደረገህ?»

«ጋሼ፣ ቆላው ነበር። የላንድሮቨሩ... እርስዎ ልክ ነበሩ። እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

የገናው ከበሮ በስልኩ ይሰማል።

«እኔ ይቅር ብያለሁ ልጄ። ግን ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀው የለ? ለሳቁት ሰዎች ንገራቸው።»

ስልኩን ለዓለምነሽ መለሱላት።

እኛ አገር በገበያ የተበደለ ሰው የሚካሰው በገበያ ነው፤ ድንጋይ በትከሻ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ይዞ። እኔ ደግሞ ወረቀቴ ሳይወሰን ከዚህ ከወጣሁ መመለስ የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያንን ለመተው ወኔው አልመጣልኝም። ድሮም ሳልሰናበታቸው ነው የወጣሁት፤ ዛሬም ያው ነኝ።

ያን ቅዳሜ ከሳቁት አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ዐረብ አገር ናቸው። ግን አንዱ ይህን ያነብ ይሆናል። አንተ ከሆንክ፣ በእመቤቴ፣ ገበያው ሲሞላ ውጣና ጮክ ብለህ ንገርልኝ፦ የጋሼ ሞላ እጅ አልተሳሳተም፤ አስነሣው ሲሉኝ ያላስነሣሁት እኔ ነኝ።