ልጄን ቤት ያዋለው የሆንዱራስ ጨዋታ

ይህ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ በማስተር ፕላኑ ምክንያት ቡራዩ በታመሰችበት ሰሞን ነው። ልጄ ገመቹ በሁለት እግሩ ሲራመድ ባየሁ ቁጥር ስለሚታወሰኝ ልጽፈው ወደድኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ጥረት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ልጆቼንም በሥራና በትምህርት እንጂ በጨዋታ አላሳደግኳቸውም። ኳስ የሥራ ፈት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የጓሮዋን ክፍል ከወላይታ ለመጣ ታምራት ለሚባል ቀለም ቀቢ አከራየሁ። ጸሎተኛ ነው፤ መጠጥ አይቀምስም። ጥፋቱ ኳስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የቤታችንን ዲሽ ወዲያና ወዲህ ሲያዞር የሆንዱራስን ሊግ የሚያሳይ ጣቢያ አገኘ። እነሱ አገር ሲጫወቱ እኛ ተኝተናል፤ በማግስቱ ከሰዓት ግን ይደገማል። ውድድሩ በክረምት ተጀምሮ ታኅሣሥ ላይ የሚያልቅ አጭር ነው። ገመቹም ተለከፈ። ሁለቱም ባለ አረንጓዴ ማሊያውን ቡድን ያዙ።

አገሪቱን ካርታ ላይ ፈልጌ ሳገኛት፣ "እዚያ ድረስ ምን ዘመድ አላችሁ?" ብዬ ተቆጣሁ። ታምራትን ክፍሉን ልቀቅልኝ ልለው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ረብሻው መጣ። መንገድ ተዘጋ፤ የስልክ ኢንተርኔትም ጠፋ። ውጤቱን ቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ድጋሚው ለእነሱ እንደ ቀጥታ ሥርጭት ሆነ።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ታምራት ታክሲ አጥቶ ከአዲስ አበባ በእግሩ መጣ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ጨዋታው እንደተጀመረ የገመቹ ጓደኛ ለሚ ልጆች አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ።

"ያ ገመቹ፣ ኮቱ! ና እንጂ! ሰው ሁሉ አስፋልት ላይ ነው፤ አንተ እንደ ዶሮ እንቁላል ታቅፈሃል?"

የልጆቹን ጥያቄ አልነቅፍም። የአባቴ እርሻ ዛሬ የማን ግቢ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥይት ግን ጥያቄ አይሰማም። "አትወጣም" አልኩት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ በጉልበት አይያዝም።

"አባባ፣ ዕረፍት ሲሆን እወጣለሁ" አለኝ።

ዕረፍት ሲደርስ አረንጓዴዎቹ ሁለት ለባዶ እየተመሩ ነበር። ገመቹ "አለቀላቸው" ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ታምራት ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ቁጭ በል፤ ሁለቱን ካልመለሱ ጢሜን እላጫለሁ" አለ። ያን ጢም እንዴት እንደሚሳሳለት ሰፈሩ ያውቃል።

ገመቹ ሳቀ። "የምላጭህ እኔ ነኝ። ያውም ያለ ሳሙና!"

"እሺ፣ ያለ ሳሙና።"

ገመቹ በር ላይ ሲጠብቀው የቆየውን ለሚን "ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" ብሎ ተመለሰ።

አንዱን አገቡ። ትንሽ ቆይተው ሁለተኛውን ደገሙ። ታምራት ከገመቹ በላይ ጮኸ። ጩኸታቸው ሳይበርድ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተኛን። ቴሌቪዥኑን የዘጋው የለም፤ አረንጓዴዎቹ በፍጹም ቅጣት ምት ሲሸነፉ ቀና ብሎ ያየም አልነበረም።

ለሚን ጭኑን ተመትቶ በሸክም አመጡት።

በማግስቱ ታምራትን ለብቻው ጠራሁት። "እንደሚመልሱ በምን አወቅህ?"

"ኦቦ፣ አይቆጡኝ። የምቀባው ሆቴል ኢንተርኔት አለው። ጠዋት አይቼው ነበር።"

"መሸነፋቸውንም?"

"መሸነፋቸውንም። እሱን ብነግረው ይቀመጥልን ነበር? የመጣሁት እኮ አስፋልቱን የሞሉትን ወታደሮች አልፌ ነው።"

ክፍሉን ልቀቅ የሚለውን ቃል ዳግመኛ አላሰብኩትም።

ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ለሚ ዛሬም እያነከሰ በደጃችን ያልፋል፤ እሱም የሰው ልጅ ነው። ኳስንም ቢሆን አሁንም የሥራ ፈት ነገር ነው እላለሁ። ታምራት ጢሙን እየዳበሰ ሊጠይቀን ሲመጣ ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።